ሄሊኮፕተር የት ላይ ይከፈላል?

«ሄሊኮፕተር» የሚለውን ቃል ለሁለት ክፈሉ ቢባል ብዙው ሰው «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ማረፊያውን «ሄሊፖርት»፣ በራሪውን ደግሞ በአጭሩ «ኮፕተር» ይለዋል። ቃሉ ሲፈጠር ግን መጋጠሚያው ሌላ ቦታ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፖንቶን ዳሜኩር እ.ኤ.አ. በ1861 ስሙን ያወጣው ጥምዝ ከሚለው የግሪክ «ሄሊክስ» እና ክንፍ ከሚለው «ፕቴሮን» ነው። «ሄሊክስ» ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር «ሄሊኮ» ስለሚሆን፣ በትርጉም ከተሄደ አከፋፈሉ «ሄሊኮ» እና «ፕተር» ነው። ታዲያ የዛሬው አከፋፈል ካለማወቅ የመጣ ስሕተት ነው? አይደለም፤ አፍ የራሱ ሕግ አለው።

እንግሊዝኛ በቃል መነሻ ላይ «ፕ» እና «ት»ን አስከትሎ አይጠራም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ኩቪየር እ.ኤ.አ. በ1809 ስም ያወጣለት ባለ ክንፍ ጥንታዊ እንስሳ በፊደል «ፕቴሮዳክቲል» ተብሎ ቢጻፍም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ፕ»ን ውጦ ከ«ቴ» ይጀምራል። «ሳይኮሎጂ»ም እንዲሁ ነው፤ ፈረንሳዮች መነሻውን «ፕ» ይጠሩታል፣ እንግሊዞች ይተዉታል፣ ወደ አማርኛም የገባው ያለ «ፕ» ነው። በ«ሄሊኮፕተር» ውስጥ ግን ያው የክንፍ ስም «ፕ»ውን አላጣም። ከፊቱ «ኮ» ስላለ ድምፁ ወደ ኋላ ተጠግቶ ቀለሙን ይዘጋለታል፦ ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር። የአሜሪካ መዝገበ ቃላትም ቃሉን የሚከፍሉት በ«ፕ» እና በ«ት» መካከል ነው። አንድ ሥር በአንዱ ቃል ድምፁን አጥቶ በሌላው የሚያተርፈው በዘፈቀደ ሳይሆን በቦታው ምክንያት ነው።

«እንዲህ ከሆነ ሥሩ ይጠፋል» የሚል ሙግት ይነሳል። ሙግቱ ክብደት አለው፤ «ፕቴሮን»ን የለየ ተማሪ የቢራቢሮዎች ምድብ «ሌፒዶፕተራ» ባለ ቅርፊት ክንፍ፣ የዝንቦቹ «ዲፕተራ» ደግሞ ባለ ሁለት ክንፍ ማለት መሆኑን ሳይሸመድድ ይደርስበታል። በብሪታንያ የኅትመት ልማድም በመስመር መጨረሻ ቃል ሲቆረጥ ለሥሩ የበለጠ ክብር ይሰጥ ነበር። ሆኖም ይህ የሚያሳየው ሥሩ ለትርጉም እንደሚጠቅም እንጂ አጠራሩን እንደሚወስን አይደለም። «ፕተር»ን ለብቻው ልጥራ ያለ ሰው እንግሊዝኛው የማያውቀውን አነሳስ ይፈጥራል። «ሄሊፖርት» የሚለውም ሰው አልተምታታበትም፤ «ሄሊ» ዛሬ በእንግሊዝኛ ጥምዝን ሳይሆን ሄሊኮፕተርን ያመለክታልና። ስለዚህ አዲስ የሙያ ቃል የሚያስተምር መምህር ሁለቱንም አከፋፈል ለየሥራው ቢያሳይ ይበጃል፦ ለትርጉሙ በሥሩ፣ ለንባቡ በቀለሙ።