አሮጌው ዊንዶውስ ሲጠፋ አዲሱ ለምን አልነሳም ይላል?

ኤክስፒ በነበረበት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 7 ተጨምሮ ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል እንበል። ቦታ ሲጠብ ኤክስፒ ያለበት ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) በሲዲ በሚነሳ ፕሮግራም ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ማስነሻ አልተገኘም የምትል መስመር ብቻ ትታያለች። ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት መደረግ አለበት» ነው። የለበትም! ዊንዶውስ 7 አልተነካም፤ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሰርጉ ፎቶም፣ የሱቁ ሒሳብም ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው። የጠፋው አስነሺው ነው።

የኃይል ቁልፉ ሲጫን ማሽኑ ዊንዶውስ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ባዮስ ሚሞሪውንና ኪቦርዱን ፈትሾ የሀርድ ዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል። 512 ባይት ብቻ ነው። ኤምቢአር የሚባለው ይህ ሴክተር እ.ኤ.አ. በ1983 ከአይቢኤም ፒሲ ኤክስቲና ከዶስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። 446 ባይቱ ለአስነሺ ኮድ፣ 64ቱ ለአራት ፓርቲሽኖች ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ደግሞ ለመለያ ምልክት ተመድበዋል። በ446 ባይት ዊንዶውስን የሚያህል ነገር ማስነሳት አይቻልም። ስለዚህ ኮዱ ከአራቱ ፓርቲሽኖች «አክቲቭ» ተብሎ የተመዘገበውን ይፈልግና ሥራውን እዚያ ላለው ኮድ ያስረክባል።

ዊንዶውስ 7 ሲጫን አክቲቭ የነበረው የኤክስፒ ፓርቲሽን ነው። ስለዚህ ቡት ማናጀሩንና የማስነሻ መዝገቡን እዚያው አስቀመጠ፤ አካሉ በአንዱ ፓርቲሽን፣ አስነሺው በሌላው ሆነ። ይህን ዊንዶውስ ራሱ ያውቃል። በዲስክ ማናጅመንት ያንን ፓርቲሽን ላጥፋ ቢሉት አይፈቅድም፤ «ሲስተም» የሚል ጽሑፍም ተለጥፎበታል። ይህን ክልከላ በሌላ ፕሮግራም ማለፍ ነው ጣጣውን የሚያመጣው።

ከዊንዶውስ ጎን የተጫነ ሊኑክስ ሲወገድ ግን ከልካይ የለም። የሊኑክስ አስነሺ ግራብ የመጀመሪያ ኮዱን በእነዚያ 446 ባይቶች ውስጥ ይጽፍና የቀረውን በአብዛኛው ሊኑክስ ፓርቲሽን ላይ ያኖራል። ዊንዶውስ ፓርቲሽኑን ያለ ማመንታት ይሰርዘዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ስክሪን ነው።

ለጥገናው የዚያው ዊንዶውስ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ያስፈልጋል። በፍላሹ ካስነሱ በኋላ «ኢንስቶል ናው»ን ትቶ ከታች ያለውን «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» መርጦ እስከ ኮማንድ ፕሮምፕት መግባት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃልና አስቀድሞ ይገኝ። ለግራቡ ችግር «ቡትሬክ» የሚለው ትእዛዝ ከ«ፊክስኤምቢአር» ጋር ይበቃል፤ አስነሺ ኮዱን ይተካል እንጂ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን አይነካም። ለኤክስፒው ችግር ግን በ«ዲስክፓርት» የዊንዶውስ 7ን ፓርቲሽን አክቲቭ ማድረግ (ፕራይመሪ ከሆነ ነው የሚቻለው)፣ ከዚያም በ«ቢሲዲቡት» የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድራይቭ ፊደል ነው፦ በመጠገኛው ውስጥ «ሲ» የምንለው «ዲ» ሆኖ ሊታይ ይችላል። ትእዛዝ ከመስጠት በፊት የ«ዊንዶውስ» ፎልደር የቱ ጋ እንዳለ በ«ዲር» ማየት ግድ ነው።

ዩኢኤፍአይ የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች በኤምቢአር ኮድ አይነሱም፤ «ፊክስኤምቢአር» እዚያ ፋይዳ የለውም። የሁሉም ሲስተሞች አስነሺዎች በፋት32 በተሠራች አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ በየፎልደራቸው ይቀመጣሉ፤ ማዘርቦርዱም ስማቸውንና ተራቸውን ይመዘግባል። ሊኑክስ ከጠፋ በኋላ ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን አንደኛ ማድረግ ይበቃል። አደጋው ያቺን ፊደል የሌላትን ፓርቲሽን የማትረባ መስላን አብሮ ማጥፋት ነው።

ዛሬ ይህ ችግር በብዛት የሚገጥመው ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲቀየር ነው። አሮጌው ዲስክ እንደተሰካ ዊንዶውስ በኤስኤስዲው ላይ ሲጫን መጫኛው የማስነሻ ፋይሎቹን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያ ዲስክ የተነቀለ ዕለት አዲሱ አይነሳም። ከመጫን በፊት የአሮጌውን ገመድ መንቀል፣ ሲያልቅ መልሶ መሰካት ነው።