ሰስባንያ፦ ከአጥር ጥግ የሚታጨድ መኖ

በከተማ ላም ማርባት መኖ መግዛት ማለት ነው። በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ እንዳሉት ባሉ ጠባብ ግቢዎች ለግጦሽ የሚተርፍ መሬት የለም። ፉርሽካውም ፋጉሎውም በብር ነው። ወተትና ቅቤ ከማዕድ የማይጠፉበት የሲዳማ ቤት ደግሞ ላሙን በቀላሉ አይተዋትም። ሰስባንያ ለእንዲህ ያለው ግቢ የሚሆን ቁጥቋጦ ነው።

ሰስባንያ የአተርና የባቄላ ዘመድ ሲሆን አገሩም አፍሪካ ነው። ቁመቱ እስከ 8 ሜትር ይደርሳል። አበባው ቢጫ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት፤ ፍሬውን የሚይዘው በቀጭን ረጅም ቆባ ውስጥ ነው። በሥሩ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ስለሚመግቡት ለም ባልሆነ አፈር ላይም ይበቅላል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም አፈሩን ያዳብራል። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይችላል፣ ውርጭን ግን አይችልም። 1700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለችው ሐዋሳ ትስማማዋለች። ብርዱ ለሚበረታበት ደጋ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ቁጥቋጦ ይሻላል።

የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ፈልቶ ጥቂት በረድ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ይዘራል። ክረምቱ ሲገባ ችግኙን በአጥሩ ዳር በግማሽ ሜትር ገደማ ርቀት በመስመር መትከል ነው። ለጋ ሳለ ከአረምና ከፍየል መጠበቅ አለበት፤ ቅጠሉን ጨርሶ የሚበላ ጥንዚዛም ስላለ እየዞሩ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። ተክሉ ከአንድ ሜትር ካለፈ በኋላ፣ ከመሬት ከ50 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ከታች ጥቂት ቅጠል ያላቸው ቅርንጫፎችም ይተዋሉ። እስከ ሥሩ የተመለመለ ወይም ቅጠሉ ሙልጭ ተደርጎ የተገፈፈ ሰስባንያ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። በልኩ የተቆረጠው ግን መልሶ ያቆጠቁጣል።

የቅጠሉ ፕሮቲን ከ20 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ግን ከ5 በመቶ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ሰስባንያ የገለባ ደጋፊ እንጂ ብቻውን ቀለብ አይደለም። ለላም፣ ለበግና ለፍየል ከጠቅላላው መኖ አንድ ሦስተኛ ሳይሞላ ቀላቅሎ መስጠት ይበቃል፤ እንስሳቱ እስኪለምዱትም በጥቂቱ መጀመር ነው። ለዶሮ ግን መሰጠት የለበትም። ጫጩት ሊገድል ይችላል።

ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይዳከማል። ስለዚህ ከመስመሩ አንድ ሁለት ተክል ሳይቆረጡ ለዘር ይቀመጡ፤ ቆባው ቡናማ ሲሆን ሳይፈነዳ ይለቀም። የራሱን ዘር የያዘ አርቢ ያረጀውን በየዓመቱ እየተካ፣ ለጎረቤቱም እያካፈለ ይሄዳል። ቢያንስ ከመኖው ጥቂቱን ገበያ ሳይወጣ ያገኛል።