ጋሪ ወይስ ጀርባ? ለመጀመሪያ ልጃችን ምን እንምረጥ

በዚህ ወር የመጀመሪያ ልጃቸውን በጉጉት የሚጠብቁ ቤተሰቦችን ስለሚያከራክር አንድ ጉዳይ እንወያያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች እህት ትደውልና «የልጁን ጋሪ ልላክ? ለአቂቃው ይድረስ» ትላለች። አያት በበኩላቸው ከሳጥናቸው ሥር በዛጎል ያጌጠውን የቆዳ አንቀልባ አውጥተው እያራገፉ «እናትሽንም አንቺንም ያዘልኩት በዚህ ነው» ይላሉ። የልጁ አባት ደግሞ ዝም ብሎ ኪሱን ይዳስሳል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ታዲያ ማን ልክ ነው?

መልሱን ከወዲሁ እንንገራችሁ። አክስትም አያትም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን በየወቅቱና በየመንገዱ ነው። ጋሪ ከመምረጣችን በፊት ሁለት ነገሮችን ማየት አለብን፤ የምንሄድበትን መንገድና የልጁን ዕድሜ። ይህን ሳያዩ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ጋሪ ከየት መጣ?

የሕፃን ጋሪ መጀመሪያ የመኳንንት ጌጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ ለአንድ መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በፍየል ወይም በትንሽ ፈረስ እንዲጎተት የታሰበ ነበር። ዛሬ የምናየውን ቀላልና እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1965 የነደፈው ደግሞ ኦወን ማክላረን የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው። ሁለቱም ጋሪዎች የተሠሩት የተስተካከለ መንገድ ላለው አገር ነው።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በምዕራብ አፍሪካዋ ቶጎ በበጎ ፈቃድ ስታገለግል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሠሩ ልጆቹ ምን ያህል ረጋ እንደሚሉ አየች። አገሯ ተመልሳም የራሷን ልጅ ለማዘል ከእናቷ ጋር ማዘያ ሰፋች፤ ያም ማዘያ «ስናግሊ» ተብሎ በአሜሪካ ገበያ በብዛት ተሸጠ። እኛ የእነሱን ጋሪ ስንመኝ እነሱ የእኛን አንቀልባ ወስደዋል ማለት ነው።

መንገዱን እንየው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ጦሳ ግርጌ የሚወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ኮብልስቶን፣ ኮረኮንች፣ ደረጃ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። እንዲህ ባለው ዳገት አሥር ኪሎ የሚመዝን ጋሪ ላይ ሰባት ኪሎ ልጅና የገበያ ዕቃ ጨምሮ መግፋት ለአራስ ወገብ ከባድ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፤ እጅ አንድ ጊዜ ካመለጠው ጋሪው አይጠብቅም።

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ኮምቦልቻን እናገኛለን። ኮምቦልቻ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቃትና ከደሴ ይልቅ ሜዳ የሚበዛባት ከተማ ናት። እዚያ ጋሪ በደንብ ሊያገለግል ይችላል። ችግሩ ሙቀቱና የከባድ መኪናው ጭስ ነው። የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳመለከቱት ጋሪ ውስጥ ያለ ሕፃን የሚተነፍሰው ከመሬት ከ55 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን አየር ነው። ይህ የመኪና ጭስ የሚበዛበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ጋሪ ስንገፋ ከዋናው መንገድ ይልቅ የውስጥ ለውስጡን መንገድ እንምረጥ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከቤታቸው የወጡ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ነበር የተጓዙት። ያን ጊዜ ያየ ሰው አንቀልባን የድህነት ምልክት ነው አይልም።

የልጁ ዕድሜስ?

ሕፃን ሲወለድ አንገቱን መሸከም አይችልም። አብዛኞቹ ልጆች አንገታቸው የሚጠናው ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ሲሆን ያለ ድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩት ደግሞ በስድስት ወር ገደማ ነው። እንደ ወንበር የተሠራ ጋሪ ላይ ጨቅላ ሕፃን ብናስቀምጥ ራሱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ አገጩም ደረቱን ሲጫነው የመተንፈሻ ቱቦው ይጠባል። ሕፃኑ ሊያለቅስ እንኳ አይችልም። የጃንጥላው ዓይነት ቀላል ጋሪ ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ የማይሆነው ለዚህ ነው። ለጨቅላው የሚሆነው እንደ አልጋ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ጋሪ ብቻ ነው።

ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ለተወለደ ልጅማ ምርጡ ቦታ የእናቱ ደረት ነው። «የካንጋሩ እንክብካቤ» የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ ማሽን ባጠረበት ሆስፒታል ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እንዲህ ያለ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ረዘም ላለ ጊዜ፣ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተገናኝቶ እንዲቆይ ይመክራል። እናት ሲደክማት አባትም ሊተካት ይችላል።

ማዘልም ሥርዓት አለው

ማዘል ለልጁ ዳሌ ይጠቅማል። እግሮቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው የእናቱን ወገብ ሲያቅፉ የዳሌው መገጣጠሚያ ቦታውን ይዞ ያድጋል። በማላዊ ከ40 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሕክምና የሚያስፈልገው የዳሌ አጥንት መውለቅ ያለበት ልጅ እንዳልተገኘ ገልጾ፣ ለዚህም በጀርባ ማዘል አስተዋጽኦ ሳይኖረው እንዳልቀረ ጠቁሟል። በተቃራኒው የሕፃኑን እግሮች ቀጥ አድርጎ ጠፍሮ መጠቅለል ለዳሌው ጎጂ ነው።

ነገር ግን አያቶቻችን ያደረጉት ሁሉ ይደገም ማለት አይደለም። የሚከተሉትን እናስተውል።

1ኛ. አንገቱ ያልጠና ልጅ በጀርባ ሳይሆን በፊት በኩል፣ ራሱ ተደግፎ ይታቀፍ። ፊቱ ይታየን፤ አገጩም ደረቱን አይንካ።

2ኛ. የደሴ ብርድ ያስፈራል፤ ሆኖም የታዘለን ልጅ ፊቱን በጋቢ አንሸፍን። ኮፍያና ካልሲ ይበቃዋል፤ የእናቱ ገላም ያሞቀዋል።

3ኛ. ልጅ አዝሎ ምድጃ ላይ ማጎንበስ፣ እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ይቅር። ጭሱ ሳንባውን ይጎዳል፤ እሳቱና ፍል ውሃውም ያቃጥለዋል።

4ኛ. አንቀልባው ወይም የጨርቅ ማዘያው ከመታሰሩ በፊት ጠፍሩ፣ ስፌቱና መቋጠሪያው ይፈተሽ። ከሳጥን የወጣ አሮጌ ቆዳ ሊደርቅና ሊበጠስ ይችላል።

ጋሪ ከተገዛ ወይም ከተላከ

ልጁ ስድስት ወር ሞልቶት፣ መንገዳችን የሚመች ሆኖ፣ አቅሙም ካለን ጋሪ መልካም ነው። እናትን ያሳርፋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ አንቀልባ መታጠቅ የሚያፍር አባት ጋሪ መግፋት አያፍርም። አባት ልጁን ይዞ ለግማሽ ሰዓት ወጣ ቢል አራሷ እንቅልፍ ታገኛለች። ምርጫችን በሚከተለው ይመራ።

ቀበቶ፦ ትከሻን፣ ወገብንና በእግሮች መካከል የሚይዝ ባለ አምስት ነጥብ ይሁን። ወገብ ብቻ የሚይዘው ለቁልቁለት አይሆንም።

ፍሬን፦ ልጁ ሳይገባበት ዳገት ላይ አቁመን እንፈትነው። ጋሪው ከተንሸራተተ አንውሰደው። ከእጀታው ወደ አንጓችን የሚታሰር ማሰሪያ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል።

ጎማ፦ ለኮብልስቶን ትልቅና ለስለስ ያለ ጎማ ይሻላል። ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይሰነቀራሉ።

ማጠፊያ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ያህል የማክላረን ጋሪዎች ማጠፊያቸው የልጆችን የጣት ጫፍ በመቁረጡ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ወጥቶ የማጠፊያ መሸፈኛ እንዲደረግላቸው ተደርጓል። ጋሪ ስንዘረጋና ስናጥፍ ልጁ ራቅ ይበል። ያገለገለ ጋሪ ከሆነም ማጠፊያው ሲዘረጋ ቀጭ ብሎ መቆለፉን፣ ብረቱ አለመሰንጠቁን እናረጋግጥ።

ሚዛን፦ እጀታው ላይ ዘንቢል አናንጠልጥል። ልጁን ስናነሳው ጋሪው፣ አንዳንዴም ልጁ ከነጋሪው፣ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ዕቃ የሚቀመጠው ከሥር ባለው ኪስ ነው።

አቅጣጫ፦ የሚቻል ከሆነ ልጁ ፊቱን ወደ ገፊው የሚያዞርበትን እንምረጥ። በስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ ጥናት ልጁ ፊት ለፊት ሲታያቸው ወላጆች የበለጠ እንደሚያወሩት አሳይቷል። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው በወሬ ነው።

ባጃጅና ሚኒባስ ስንሳፈር ልጁን አውጥተን፣ ጋሪውን አጥፈን እንያዝ። ጋሪ የመኪና ወንበር አይደለም። መስጂድ ስንሄድም የጋሪው ጎማ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ስለሚረግጥ ምንጣፍ ላይ አናውጣው፤ ጫማ በሚቀመጥበት በኩል አቁመን ልጁን አቅፈን እንግባ።

መጋረጃ የሚሆን ፎጣ

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ፀሐይ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይገባው» ተብሎ ጋሪው በፎጣ ወይም በነጠላ ይሸፈናል። በኮምቦልቻ ሙቀት እንዲህ ማድረግ ልጁን ምድጃ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው፤ አየሩ ስለማይዘዋወር ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል። የጋሪው የራሱ ጥላ ይበቃል።

ፀሐይንም ጨርሶ መከልከል ሌላ ጉዳት አለው። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች መካከል 210ሩ የአጥንት መለስለስ (ሪኬትስ) እንደነበረባቸው፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ እንደነበረባቸው አሳይቷል። የአጥንት መለስለስ ዋና መንስኤ ደግሞ ሰውነት በፀሐይ አማካይነት የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ ማነስ ነው። ስለዚህ ልጁን በጋሪም ይሁን በእቅፍ፣ ዓይኑን ከልለን፣ እጅና እግሩን ገልጠን፣ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለስላሳውን የጠዋት ፀሐይ እናሙቀው።

ይህኛው ግን ይቅር

ከጋሪ ጋር ተያይዞ የሚላክ ሌላ ዕቃ አለ፤ ሕፃኑ መሐሉ ቆሞ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ መራመጃ። ልጁን ቶሎ መራመድ አያስተምረውም፤ እንዲያውም ያዘገየዋል። ወደ ደረጃና ወደ ከሰል ምድጃ ግን በፍጥነት ያደርሰዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጨርሳ ከልክላለች። ቢላክላችሁም አመስግናችሁ አስቀምጡት እንጂ ልጁን አታስገቡበት።

ገንዘቡ የት ይዋል?

በመጨረሻ ወደ አባት ኪስ እንመለስ። ልጁ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው፤ ውሃም ቢሆን አይጨመርለትም። ያን ወተት የምታዘጋጀው እናት ደግሞ ከወትሮው ምግቧ በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ ልትመገብ ይገባል። የገንፎና የአጥሚቱ ወግ ከአራስነት ወራት በኋላም ይቀጥል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ወተትም ከገበታዋ አይጥፉ። ጋሪ ለመግዛት የእናት ገበታ የሚጎድል ከሆነ ጋሪው ይቆይ። ጅዳ ያለችው እህትም «ምን ልላክ?» ስትል ሳናፍር «የአራሷን የምግብ ወጪ አግዢን፤ ጋሪውን ልጁ ሲቀመጥ እናስብበታለን» እንበላት። እሷም በሰው አገር ለፍታ ያገኘችው ገንዘብ ቤት ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ የልጁን አጥንት ቢያጠነክር ትመርጣለች።

እስከዚያው አንቀልባው አለ። አያትም አሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ጤነኛና ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ ያድርግልን።