የድሮ ሰንጢዎችን ዘመን መወሰን፦ የኬዝ ሰንጢዎች ምልክት እንደ ማሳያ

ያለ ሰነድ የተገኘ ዕቃ መቼ እንደ ተሠራ መወሰን በቁሳዊ ባህል ጥናት ተደጋግሞ የሚነሣ ችግር ነው። በፋብሪካ የተመረቱ ሰንጢዎች ለዚህ ችግር ቀላል መፍትሔ ያላቸው ይመስላሉ፤ የብዙዎቹ ስለት ከእጀታው ጋር በሚጋጠምበት ሥሩ ላይ የአምራቹን ምልክት ይዞ ይገኛልና። ይሁን እንጂ ምልክቱ በቀጥታ የሚመሰክረው ስለ ስለቱ እንጂ ስለ መላው ሰንጢ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን በአሜሪካው የኬዝ ኩባንያ ምርቶች አማካይነት ያብራራል።

በፔንሲልቬኒያ ግዛት በብራድፎርድ ከተማ የሚገኘው ይህ ኩባንያ ምልክቱን በየጊዜው ለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1964 ገደማ «ኬዝ ኤክስኤክስ»፣ ከ1965 እስከ 1969 ደግሞ «ዩ.ኤስ.ኤ.» የተጨመረበት ምልክት አገልግሏል። በ1970 ከምልክቱ ሥር ዐሥር ነጥቦች ተደረጉ፤ በየዓመቱ አንድ እየተቀነሰም በ1979 አንድ ነጥብ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሰባት ነጥብ ያለው ስለት የ1973 ነው። በ1980 ነጥቦቹ እንደ ገና ዐሥር ሆኑ፤ የሁለቱን ዓመታት ስለቶች የሚለየው በ1980 የመብረቅ ቅርጽ የያዘው የ«ኤስ» ፊደል ነው።

በስለቱ ላይ የሚገኘው የሞዴል ቁጥርም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። በ6254 ውስጥ 6 የአጥንት እጀታን፣ 2 የስለቶቹን ብዛት፣ 54 የሰንጢውን ቅርጽ ያመለክታል። በአንጻሩ 5 የአጋዘን ቀንድ እጀታ ምልክት ነው። ስለዚህ በ5 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰንጢ እጀታው አጥንት ሆኖ ከተገኘ፣ እጀታው ወይም ስለቱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከአምራቹ ምልክት ውጭ ያሉ ማስረጃዎችም የዘመኑን ታችኛ ወሰን ይሰጣሉ። የ1890ው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበትን አገር ስም እንዲይዙ አስገድዷል። የአገር ስም አለመኖሩ ግን ብቻውን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ ሰንጢ ይህ ግዴታ አልነበረበትም። እንዲሁም ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ የማይዝግ ብረትን የሠራው በ1913 በመሆኑ፣ ከዚህ ብረት የተሠራ ስለት ከዚያ ሊቀድም አይችልም።

እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት «ከዚህ ዓመት አይቀድምም» በማለት ነው። ፋብሪካ ቀደም ሲል ምልክት የተደረገባቸውን ስለቶች በኋላ ሊገጣጥም ይችላል፤ ጠጋኝ ስለት ይለውጣል፤ ምልክትም ይጭበረበራል። ስለዚህ የስለቱ መሳሳት፣ የሞላው ጥንካሬ፣ የችንካሮቹ ሁኔታና የእጀታው መልፋት እርስ በርስ መስማማታቸው ሊመረመር ይገባል። በመሳል ብዛት የሳሳ ስለት ሹል ጠርዙን ካልጣለ እጀታ ጋር መገኘቱ ጥርጣሬን ያስነሣል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች ይከተላሉ። የሙዚየም መዝገብ የስለቱን ዘመንና የመላውን ሰንጢ ዘመን ለይቶ ማስፈር አለበት፤ ካልሆነ የአንድ ክፍል ዕድሜ የሁሉ ሆኖ ይቀራል። ምርመራው ሳይጠናቀቅም ብረቱን መወልወል አይገባም፤ ከዕድሜ ወዙ ጋር ነጥቦቹም ሊጠፉ ይችላሉና። የአንዲት ነጥብ መጥፋት ደግሞ የአንድ ዓመት ስሕተት ነው።