የከሳ ፈረስ እንዴት ይመገባል?

(በሬዲዮ ከቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር በጽሑፍ የወጣ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከሳ ፈረስ አመጋገብ ነው። ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ጀምራችኋል። ቁጥር መጻፍም ለምዳችኋል። ሁለቱም ለዛሬው ጉዳይ ይጠቅማሉ። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ ይሁን።

በልደታ ለምትኖሩ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የባልቻ ሆስፒታልን የማያውቅ አለ? የለም። ሆስፒታሉ የተሰየመው በደጃዝማች ባልቻ ስም ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተዋጉ ጀግና ናቸው። ሰው ሁሉ «ባልቻ አባ ነፍሶ» ይላቸዋል። «አባ ነፍሶ» ምን ማለት ነው? የፈረስ ስማቸው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ያኔ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። እህል ያመላልሳል፣ ሰው ያደርሳል። በከተማ ዳርቻዎች፣ በቢሾፍቱና በሌሎችም ከተሞች በጋሪ ፈረስ የሚተዳደር ቤተሰብ ብዙ ነው። ማታ ልጆች የሚበሉት እንጀራ ፈረሱ ቀን የሠራው ነው። ፈረሱ ሲከሳ ግን ሥራው ይቀንሳል። ሥራው ሲቀንስ ገቢው ያንሳል። ገቢው ሲያንስ ደግሞ መኖው ይጎድላል። በመጨረሻ ፈረሱ መንገድ ላይ ይለቀቃል። በአዲስ አበባ በአውራ መንገድ አካፋይ ሣር ላይ አጥንታቸው የወጣ ፈረሶች ቆመው አይታችሁ ይሆናል።

ታዲያ አንድ ደግ ሰው እንዲህ ያለውን ፈረስ አይቶ ያዝንለታል። ወደ ቤቱ ይወስደዋል። «ተርቧልና ይጥገብ!» ብሎ አንድ ቁና ገብስ ያፈስለታል። ፈረሱ ገብሱን ጠርጎ ይበላል። ሰውየውም ደስ ይለዋል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ግን ፈረሱ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል። ሰውየው «ዕድሜው ደርሶ ነው» ይላል። ዕድሜው አልነበረም። የገደለው ያ ገብስ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል?

ረኀብ ለምን በጥጋብ ይገድላል?

ፈረስ ሲራብ ሰውነቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ያጠራቀመውን ስብ ይበላል። ስቡ ሲያልቅ የራሱን ሥጋ መብላት ይጀምራል። በዚህ መካከል ለልብና ለትንፋሽ የሚያስፈልጉ ማዕድናት ይመናመናሉ። ስማቸው ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ይባላል። በደም ውስጥ የምትቀረው ጥቂት ናት።

እህል ሲገባ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ሰውነት ስኳሩን ሊጠቀምበት ሲጣደፍ በደም ውስጥ የቀሩትን ማዕድናት በአንድ ጊዜ ይስባቸዋል። ያን ጊዜ ልብ ይደክማል። ትንፋሽ ያጥራል። ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። አደጋው የሚያይለው ምግብ ከተጀመረ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ነው።

ይህ በሰውም ላይ ይደርሳል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በመመገቢያ ጣቢያዎች እጅግ የከሱ ሕፃናት ቀጭን ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚሰጣቸው። ለፈረስም መንገዱ ይኸው ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ!

ሌላም ነገር አለ። የፈረስ ሆድ እንደ በሬ ሆድ አይደለም። በሬ ያመሰኳል፤ ሰፊ ሆድም አለው። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ትንሽ ነው። ሣሩን የሚያብላላው ከጨጓራው በኋላ ባለው በትልቁ አንጀቱ ነው። ደግሞም ፈረስ አያስመልስም። መጥፎ ነገር ከበላ መውጫ የለውም። ለዚህ ነው ድንገተኛ እህል ቁርጠት የሚያመጣበት። ሰኮናውንም ያሳምመዋል።

መክሳቱን በምን እናውቃለን?

ዓይን ብቻውን ያታልላል፤ ረጅም ፀጉር አጥንትን ይሸፍናል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱት።

እስቲ አሁን አንድ እጃችሁን ጨብጡ። በሌላው እጃችሁ ጣት የጭብጣችሁን አንጓዎች ዳስሱ። የፈረሱ ጎድን እንደዚህ የሚጎረብጥ ከሆነ ከስቷል። አሁን የጨበጣችሁትን እጅ ዘርጉና ጀርባውን ዳስሱ። አጥንቱ አለ፤ ግን በስሱ ተሸፍኗል። የፈረሱ ጎድን እንዲህ ከሆነ ደህና ነው። ከጎድኑ ሌላ የጀርባ አከርካሪውን፣ ዳሌውንና የጭራውን ሥር እዩ። ሦስቱም ሹል ሆነው ከወጡ ፈረሱ በጣም ተጎድቷል።

ለምን ከሳ?

መኖ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ቀዳዳ እንስራ ውኃ ቢሞሉት አይሞላም።

አንደኛ፣ ጥርሱን እዩ። ያኘከውን ሣር እየጠቀለለ የሚጥል ከሆነ፣ ወይም ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ እህል ካለ፣ ጥርሱ ሾሎ ይሆናል። የእንስሳት ሐኪም በሞረድ ይሞርድለታል።

ሁለተኛ፣ የሆድ ትል ሊኖረው ይችላል። መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝ። በጣም ለደከመ ፈረስ መድኃኒቱን መቼና ምን ያህል መስጠት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁስሉን እዩ። ኮርቻው ወይም የጋሪው ዕቃ የላጠው ትከሻ ያሠቃየዋል። ሕመም ያለበት እንስሳ አይወፍርም። እግሩ ወይም አንገቱ ላይ በመስመር እየወጣ የሚፈነዳ እብጠት ካለ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከሌሎች ፈረሶች ለዩት። ዕቃውንም ለሌላ ፈረስ አታውሱ።

አራተኛ፣ ሥራው ከመኖው በልጦ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ልጓም አፉ ውስጥ ያለ ፈረስ መቼ ይበላል? ፈረስ በሜዳ ቢለቀቅ ከቀንና ሌሊቱ አብዛኛውን ጊዜ ሲግጥ ነው የሚውለው።

የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት

የሚከተለው አጥንቱ ለወጣ፣ ለብዙ ቀን ለተራበ ፈረስ ነው። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ ክብደቱ 220 ኪሎ ግድም ቢሆን ብለን እናስላ።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ አልፋልፋ ወይም አረንጓዴነቱ ያልጠፋ ጥሩ ድርቆሽ ስጡት። አልፋልፋ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሩብ ኪሎ ግድም ይበቃል። ድርቆሽ ከሆነ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ኪሎ ግን አይለፍ። በየ4 ሰዓቱ ይሁን። ጧት በ12 ሰዓት፣ በ4 ሰዓት፣ በ8 ሰዓት፣ ምሽት በ12 ሰዓት፣ ማታ በ4 ሰዓትና ሌሊት በ8 ሰዓት። ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው። የሌሊቱ ተራ ይከብዳል፤ ቤተሰብ ይቀያየርበት።

በ4ኛውና በ5ኛው ቀን፦ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ጨምሩ።

ከ6ኛው እስከ 10ኛው ቀን፦ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየ8 ሰዓቱ፣ 1 ኪሎ ግድም ስጡት።

ፈረሱ አይቶአችሁ ያሽካካል፤ ባዶውን ገበታ ይልሳል። አንጀታችሁ ይባባል። ቢሆንም አትጨምሩ! በእነዚህ ቀናት ገብስ የለም፣ ፉሩሽካ የለም፣ ዳቦ የለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ?

ከ10 ቀን በኋላ

አሁን ድርቆሹን እየጨመራችሁ እስኪጠግብ ድረስ አድርሱት። ፈረስ ለያንዳንዱ 100 ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ደረቅ መኖ ይበላል። ለፈረሳችን 5 ኪሎ ያህል ማለት ነው። የጤፍ ጭድም ሊደባለቅ ይችላል። ጭድ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። የምስርና የባቄላ ገለባ ከጭድ ይሻላል።

እህል ቢያንስ 3 ሳምንት ይቆይ። ከዚያ የተከካ ገብስ በሩብ ኪሎ ጀምሩ። በየሦስትና በየአራት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ለአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ አትስጡ። ቀኑን በሁለት ከፍላችሁ ስጡት። ሁልጊዜ ድርቆሽ ይቅደም፣ እህል ይከተል። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ብትጨምሩበት ሥጋውን ይመልስለታል።

ስለ ፉሩሽካ አንድ ነገር ልብ በሉ። በከተማ በቀላሉ የሚገኘው መኖ እሱ ነው። ብዙ ሰው ፈረሱን በፉሩሽካ ብቻ ያሳድራል። ፉሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው። ለብዙ ወራት ብቻውን ከተበላ አጥንት ይሳሳል። የፈረሱ የፊት አጥንት ያብጣል፣ እግሩም ያነክሳል። ስለዚህ ፉሩሽካ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ዋና መኖ አይሁን። ውኃ ነክታችሁ ከድርቆሽ ጋር ስጡት። አልፋልፋ ካልሲየም ስላለው ጉድለቱን ይሞላል።

ሻጋታ የያዘ ዳቦና ድርቆሽ አትስጡ። «ለፈረስ ምን ይሆናል» አይባልም፤ ፈረስ አያስመልስም ብለናል። በመንገድ ዳር ሲግጥም ፌስታል እንዳይውጥ ጠብቁት። ፌስታል አንጀት ይዘጋል።

ውኃ፣ ጨው፣ ሙቀትና ዕረፍት

ውኃ ከመኖ ይቀድማል። ለፈረስ በቀን አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር፣ አቅርቡለት። ሥራ ሲጀምርና ፀሐይ ሲበረታ ሌላ ግማሽ ጀሪካን ጨምሩ። ውኃው ንጹሕ ይሁን፤ ባልዲው በየቀኑ ይታጠብ። አሞሌ ጨው የሚልስበት ቦታ አስቀምጡለት።

የከሳ ፈረስ ይበርደዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውጭ ካደረ የበላውን ሁሉ ለሙቀት ያቃጥለዋል። ከቆርቆሮ ሥር አስገቡት። ደረቅ ጆንያ ጀርባው ላይ ጣሉለት። የሚተኛበት መሬት ጭቃ አይሁን።

ጋሪ አይጎትት። ከ10 ቀን በኋላ እየመራችሁ ትንሽ ብታንሸራሽሩት ጥሩ ነው። ጭነት ግን ጎድኑ ሥጋ እስኪለብስ ይቆይ። «እስከዚያ እኛ ምን እንብላ?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ከባድ ነው። ነገር ግን የደከመ ፈረስ ተጎትቶ ወጥቶ አስፋልት ላይ ቢወድቅ ያን ቀን የሚጠፋው የአንድ ቀን ገቢ አይደለም። የዓመታት ገቢ ነው።

ደብተራችሁ ምን ይሠራል?

በጣም የተጎዳ ፈረስ ወደ ደህና ሰውነቱ ለመመለስ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይፈጅበታል። ለውጡ በየቀኑ አይታይም። ስለዚህ ለኩት። አንድ ገመድ ከፊት እግሩ ጀርባ በደረቱ ዙሪያ አዙሩ። በገጠመበት ቦታ ቋጥሩት። በየ15 ቀኑ በዚያው ገመድ ለኩ። ቋጠሮው ካልገጠመ፣ ገመዱ ካጠረ፣ ፈረሱ ወፍሯል!

በደብተራችሁ አራት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ የሰጣችሁትን መኖ፣ የጠጣውን ውኃ፣ የገመዱን ልክ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደብተሩን አሳዩ። ፈረሱ አፍ የለውም፤ ደብተሩ ይናገርለታል።

ወደ እንስሳት ሐኪም ፈጥናችሁ የምትሄዱት መቼ ነው? ፈረሱ ከተንቀጠቀጠ፣ ወድቆ መነሣት ካቃተው፣ መብላት ካቆመ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ሆዱን እያየ ከተንከባለለ። በእነዚህ ጊዜያት «እስቲ እስከ ነገ ልየው» አይባልም።

በአጭሩ እንከልስ

የከሳውን ፈረስ በእጅ ዳስሱ። የከሳበትን ምክንያት ፈልጉ። ለተራበ ፈረስ 10 ቀን ሣር ብቻ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። እህል ከ3 ሳምንት በኋላ። ውኃ ሁልጊዜ። ዕረፍት እስኪያገግም። ያያችሁትን ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጣም ለተራበ ፈረስ ወዲያው ገብስ መስጠት ለምን ይጎዳል?
2. የፈረስ ሆድ ከበሬ ሆድ በምን ይለያል?
3. በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ፈረሱ በቀን ስንት ጊዜ ይመገባል? ሰዓቶቹን ጻፉ።
4. ፉሩሽካ ብቻውን ለምን አይበቃም?
5. በሰፈራችሁ የከሳ ፈረስ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ከዚያም የመጀመሪያውን 10 ቀን መኖ አብራችሁ አስሉ።