ደረሰኝ የሌለው ወጪ፦ ከወላጆች አንዱ ታሞ ሥራ ሲያቆም ቤት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ከእናትና ከአባታችሁ አንዱ ቢታመምና ለስድስት ወር ሥራ መሄድ ባይችል፣ ቤታችሁን ይበልጥ የሚጎዳው የቱ ይመስላችኋል? የሕክምናው ወጪ ወይስ የሚቀረው ደመወዝ?

አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን «ሕክምናው ነዋ!» እንላለን። አይፈረድብንም። ሕክምና ደረሰኝ አለው። ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ተጽፎ እጃችን ላይ ይቀራል። ሳይገባ የቀረ ደመወዝ ግን ደረሰኝ የለውም። «ይህን ያህል አጥታችኋል» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ቤቱ ቀስ እያለ ይጎድላል፣ የጎደለበትን ቦታ ግን ማንም በትክክል አያየውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለማይታየው ወጪ ነው።

እስቲ እናስላው

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። አንድ ቤተሰብ በምናባችን እንሳል። አባት በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተቀጥሮ በወር 12,000 ብር በእጁ ያገኛል። እናት እቤት እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፣ ወጪዋ ተቀንሶ በወር 5,000 ብር ይተርፋታል። ሁለት ልጆች ተማሪዎች ናቸው። የወር ገቢያቸው 17,000 ብር ነው፤ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ትምህርትና ትራንስፖርት፣ እቁብና እድር ሲደመር ወጪውም 17,000 ብር ነው። ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም።

አሁን አባት ታመመ። ሐኪሙ «ለስድስት ወር ሥራ አትሄድም» አለው። ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ በወር 2,500 ብር ተጨመረ። እናትም ሆስፒታል ስለምታመላልሰውና ስለምታስታምመው እንደ ድሮው መጋገር አልቻለችም፣ ገቢዋ ወደ 3,000 ብር ወረደ።

የአባትስ ደመወዝ? እዚህ ላይ ሕጉ መልስ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ቢታመም፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ክፍያው ግን እየቀነሰ ነው የሚሄደው፦

– የመጀመሪያው አንድ ወር፦ ሙሉ ደመወዝ
– ቀጣዮቹ ሁለት ወራት፦ የደመወዙ ግማሽ
– የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፦ ያለ ደመወዝ

ስለዚህ አባት በስድስት ወር ማግኘት ከነበረበት 72,000 ብር ውስጥ የሚያገኘው 24,000 ብር ብቻ ነው። 12,000 በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያ 6,000 ለሁለት ወር፣ ከዚያ ዜሮ። 48,000 ብር ቀረ ማለት ነው። በዚህ ላይ እናት ያጣችውን 12,000 ስንደምር ጠቅላላ የቀረው ገቢ 60,000 ብር ይሆናል። ሕክምናው ደግሞ 2,500 ሲባዛ በስድስት፣ 15,000 ብር ነው።

አያችሁ? ቤቱ የጎደለው በጠቅላላ 75,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ደረሰኝ ያለው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። አራት አምስተኛው ደረሰኝ የለውም። ቁጥሮቹ ከበሽታ በሽታ፣ ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ አንድ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ስሌቱን ሊገለብጠው ይችላል። ሕመሙ ሲረዝም ግን የቀረው ገቢ ከወር ወር እየከበደ መሄዱ አይቀርም።

ሕክምናው በነፃ ሲሆንስ?

«ሕክምና በነፃ ቢሆን ችግሩ ይፈታል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው፣ የተለመደው ሕክምናም ስድስት ወር ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ነገሩ እዚያ ላይ እንደማያበቃ ስለተረዳ ሌላ መለኪያ ይጠቀማል። አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ያወጣው ገንዘብ እና ያጣው ገቢ ተደምሮ ከዓመት ገቢው 20 በመቶ ካለፈ፣ ወጪው «ቤት የሚያናጋ» ተብሎ ይቆጠራል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በቲቢ ከተጠቁ ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ይህን መስመር አልፈው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ነፃ ሆኖ ማለት ነው! ትራንስፖርቱ፣ የተሻለ ምግቡና ከሁሉ በላይ የቀረው የሥራ ቀን ነፃ አይደሉም።

እድር ለሞት ሲደርስ ለበሽታ ለምን ይከብደዋል?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ በመደጋገፍ እንታወቃለን። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት ስድስት ወር ለተኛ ሰው ለምን አይሠራም?

የኢኮኖሚክስ ሰዎች መልስ አላቸው። እድር በእውነቱ ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንስ ደግሞ ጥሩ ሆኖ የሚሠራው አደጋው በግልጽ ሲታይ፣ ዋጋው ሲታወቅና በሰው ፈቃድ ሊፈጠር በማይችልበት ጊዜ ነው። ሞት እነዚህን ሁሉ ያሟላል። ሞተ ወይስ አልሞተም ብሎ የሚከራከር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። እድሩ የሚሰጠውም የተወሰነ ነው።

በሽታ ግን ሌላ ነው። ምን ያህል ታሟል? መሥራት በእርግጥ አይችልም ወይስ ትንሽ ይችላል? መቼ ያበቃል? ስንት ይፈጃል? እነዚህን የእድሩ ዳኛ ሊመልሳቸው አይችልም። አባላቱ «ለአንዱ ጀምረን ለሁሉም ካልቻልን?» ብለው ቢፈሩ ክፋት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ዘመድም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን ይዞ የማይመጣ የለም። በአምስተኛው ወር ግን እሱም የራሱ ኪራይ አለበት።

ይህን በቁጥር ያሳዩ አሉ። ፖል ገርትለርና ጆናታን ግሩበር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የኢንዶኔዥያን ቤተሰቦች ተመልክተዋል። ሕመሙ የሰውየውን አቅም የማይነካ ሲሆን ቤተሰቦቹ ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ተቋቁመውታል። መካከለኛ ሲሆን ከደረሰው መቶ ብር ጉዳት 71ዱን ያህል መሸፈን ችለዋል። ሕመሙ አቅምን በጣም ሲያሳጣ ግን 38ቱን ብቻ። ትንሽ ነገር ሲመጣ እንረዳዳለን፣ ትልቁ ሲመጣ ግን መረዳዳቱ ራሱ አቅም ያጣል ማለት ነው።

ማን የቱን ይሸፍናል?

ስለዚህ ዋናው ጥበብ የትኛው መረብ የቱን ቀዳዳ እንደሚይዝ ማወቅ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፦ በ2003 ዓ.ም. በአሥራ ሦስት ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ ገበሬውንና በግል ሥራ የሚተዳደረውን ሰው ታስቦ የተቋቋመ ነው። የሕክምና ወጪን ይሸፍናል፤ የቀረ ገቢን ግን አይሸፍንም። አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ስለዚህ ሳይታመሙ ነው መግባት።

እቁብ፦ ኢንሹራንስ ሳይሆን ቁጠባ ነው። ቢሆንም ዕጣ ያልደረሰው ሰው ችግሩን ለዳኛው ቢናገር፣ አባላቱ ተስማምተው ተራውን ሊያስቀድሙለት ይችላሉ። ከወሰደ በኋላ ግን መክፈሉን ማቆም አይችልም፤ ዋስ የሆነለት ሰው ይያዛል።

እድር፦ ሁሉም አንድ አይደለም። ለታመመ አባል እርዳታ ወይም ብድር የሚሰጡም አሉ። የእናንተ ሰፈር እድር ምን እንደሚል የሚያውቀው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። ያነበበው ስንቱ ይሆን?

ጡረታ፦ ለእርጅና ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ምክንያት ከእንግዲህ መሥራት እንደማይችል በሕክምና ማስረጃ ከተረጋገጠ፣ ዕድሜው ሳይደርስም የጤና ጉድለት አበል ያገኛል።

አስተውላችሁ ከሆነ፣ የቀረ ገቢን በቀጥታ የሚተኩት የሕመም ፈቃድና ጡረታ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ለተቀጠረ ሰው ናቸው። በረንዳ ላይ ለምትነግድ እናት ወይም ለቀን ሠራተኛ ይህ ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው።

መጀመሪያ ምን ይሸጥ?

ገንዘብ ሲያልቅ መሸጥ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚወድቀው። ወደ ቤተሰባችን እንመለስና፣ እናት ወርቋንና የኤሌክትሪክ ምጣዷን ለመሸጥ አሰበች እንበል። ወርቁ ቢሸጥ ያሳዝናል፣ ግን የወሩን ገቢ አይቀንስም። ምጣዱ በ9,000 ብር ቢሸጥ ግን በወር 3,000 ብር የሚያስገባው እቃ አብሮ ሄደ። በሦስት ወር ውስጥ የተሸጠበት ዋጋ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኪሳራ ነው። ገጠር ውስጥ በሬ መሸጥም እንዲሁ ነው። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። በሽታው ካለፈ በኋላም ድህነቱ ይቀራል።

እና አሁን ስለ እናንተ። ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ልክ ምጣዱን እንደመሸጥ ነው። ዛሬ ትንሽ ወጪ ይቀንሳል፣ ምናልባት ትንሽ ገቢም ይጨምራል። የሚያስከፍለው ግን ወደፊት ነው፣ እሱም ደረሰኝ የለውም። «እኔ ልቅርና ልሥራ» ማለት ትልቅ ፍቅር ነው። ነገር ግን ከመወሰናችሁ በፊት ከትምህርት ቤት ውጭ ባለው ሰዓት መርዳት ይቻል እንደሆነ አስቡ፤ ከክፍል ኃላፊ መምህራችሁም ጋር ተነጋገሩ።

የተጨነቀ ጭንቅላት

አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሚኖሩ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈትኗል፤ አንድ ጊዜ ከምርት በፊት፣ እጃቸው ባዶ ሲሆን፣ ሌላ ጊዜ ከምርት በኋላ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ በአስተሳሰብ ፈተናው ያገኙት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ስለ ገንዘብ መጨነቅ የአእምሮን ቦታ ይይዛል ይላሉ።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም አባታችሁ በዚህ ሰሞን ነገር ቢረሱ፣ ቶሎ ቢቆጡ፣ ጥሩ ያልሆነ ብድር ውስጥ ቢገቡ፣ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ሆነው አይደለም። ጭንቅላታቸው ሥራ በዝቶበት ነው።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

1. ደብተር ያዙ። በአንድ ገጽ የወጣውን፣ በሌላው ገጽ የቀረውን ገቢ ጻፉ። ከዚያ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያደርስ አስሉ። ይህን ወላጆቻችሁ ከሚሠሩት እናንተ ብትሠሩት ይቀላል።

2. ወረቀት አታጥፉ። የሕመም ፈቃድ የሚገኘው በመንግሥት ከታወቀ የጤና ተቋም በሚሰጥ የሕክምና ማስረጃ ነው። ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅም አለበት። አባት ተኝቶ ከሆነ እናንተ ይዛችሁ ሂዱ።

3. የመጨረሻውን ቀን ቀድማችሁ ቁጠሩ። ግማሽ ደመወዝ የሚጀምርበትንና ደመወዝ የሚቆምበትን ቀን ካላንደር ላይ አክብቡ። ጉድጓዱን ከሩቅ ያየ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል።

4. ቶሎ ተናገሩ። አከራይ፣ የእቁብ ዳኛ፣ አበዳሪ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ወር ቢነገራቸው የሚሰጡት መልስ በአምስተኛው ወር ከሚሰጡት ይሻላል።

በአገራችን ቤት ውስጥ ስለ ገንዘብ ለልጅ አይነገርም። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት እናንተን ላለማስጨነቅ ነው። ልጆች ግን ጉድለቱን ከወጡ ላይ ያውቁታል፣ የማያውቁት መጠኑን ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የኪስ በሽታም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ቤተሰባችሁ ሂዱ፦ «እማዬ፣ አባዬ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ብትታመሙ ስንት ወር እንቆያለን?»

መልሱን አብራችሁ አስሉት።