በስልክ ለሚላክ የቤት ምስጢር ጠባቂ ስለ መምረጥ

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። በቀድሞ ዘመን ከጎንደር ወደ ጭልጋ ደብዳቤ የሚልክ መኰንን ወረቀቱን በማኅተሙ አትሞ ለታመነ መልእክተኛ ያስይዝ ነበር። ማኅተሙ ተሰብሮ የተገኘ እንደ ሆነ ተቀባዩ ነገሩን ሌላ ዓይን እንዳየው ያውቃል። የዛሬው ደብዳቤ ግን በስልክ ስለሚሄድ ማኅተሙ ቢሰበር አይታይም።

በአይከል የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን የሴት ልጃቸውን የሕመም ነገር በአዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሟ በስልክ ይጽፉለት ነበር። አንድ ቀን በወዳጅ ስም የመጣ አታላይ፥ ወደ ስልካቸው የተላከውን የምስጢር ቁጥር ቢጠይቃቸው በየዋህነት ሰጡት። ወዲያው የከረመው ጽሑፍ ሁሉ በባዕድ እጅ ገባ፤ በስማቸውም ከዘመድ ገንዘብ ተለመነ። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ የተገለጠ ምስጢር ግን ተመልሶ አይሸፈንም።

ስለዚህ መተግበሪያ ስንመርጥ አስቀድሞ የሚመረመረው አሠራሩ ለሁሉ የተገለጠ መሆኑ ነው። ይህም ኦፕን ሶርስ ይባላል። የተገለጠው የቁልፉ አሠራር ነው እንጂ ቁልፉ አይደለም፤ ሊቃውንትም ጉድለቱን መርምረው ያርሙታል። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለው ሊቅ፥ የምስጢር ጽሕፈት ሥርዓት በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ እንደማይገባ በ1883 እ.ኤ.አ. ጽፎአል።

ሁለተኛው ነገር መልእክቱ ሁሉ ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ተቆልፎ መሄዱ ነው። ሲግናል ይህን ያደርጋል፤ አሠራሩም የተገለጠ ሲሆን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ይጠበቃል። ዋትሳፕም የሲግናልን የመቆለፊያ ዘዴ ይሠራበታል፤ ነገር ግን የራሱ አሠራር ለሁሉ የተገለጠ አይደለም። በቴሌግራም የሁለት ሰዎች ምስጢራዊ ንግግር የሚባለው ተመርጦ ካልተከፈተ በቀር፥ ተራው ጽሑፍ በኩባንያው ማከማቻ ይቀመጣል። በሲግናል ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር የቆየው ጽሑፍ ከስልኩ አይወጣም።

ሆኖም መንገዱ ከተዘጋ ቁልፉ ብቻውን አይረዳም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በአገራችን ቴሌግራም ተገድቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ብራየር የሚባለው ኦፕን ሶርስ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝና በዋይ ፋይ ይሠራል፤ ነገር ግን ለቅርብ ጎረቤት ነው እንጂ ከአይከል ጎንደር አያደርስም።

ከሁሉም በላይ፥ በስልክ የመጣን የምስጢር ቁጥር ለማንም አለመስጠት፥ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማኖር፥ ገንዘብ የሚለምን ጽሑፍ ቢመጣም የሰውዬውን ድምፅ ሰምቶ ማረጋገጥ ይገባል።

ወዳጃችንም ዛሬ መተግበሪያቸውን ለውጠዋል። ልጃቸው ግን የለመነቻቸው ሌላ ነገር ነው፤ «አባባ፥ ስለ እኔ ከመጻፍዎ በፊት ይጠይቁኝ» አለቻቸው። ይህን የሚተካ ቁልፍ ገና አልተሠራም።